ማሽኑ ከእግሬ ሲወልቅስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለሚያራምዱ ሮቦቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተከታተልኩት። አንዴ በራሴ አነበብኩት፣ አንዴ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ፎቶውም ያምራል። አንድ ወጣት እግሩ በማሽን ተጠፍሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ፈገግ ብሏል። የእኔ ዓይን ግን የሄደው ሱሪው ላይ ነው። ከጉልበቱ በታች ያለው ማሰሪያ ጨርቁን ወደ ጎን ጨምድዶታል። ጨርቅ እንዲያ የሚጨማደደው ሲጎተት ነው። ጨርቁ ከተጎተተ ከሥሩ ያለው ቆዳም አብሮ ተጎትቷል።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ይቅርታ። 34 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ኮት፣ ሱሪ፣ ሙሉ ልብስ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ግራ እግሬ ከፔዳሉ ተንሸራተተ። አንስቼ መለስኩት። እንደገና ተንሸራተተ። በሦስተኛው ግራ እጄም ጨርቁን ለቀቀ። ስትሮክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በከዘራ ነው የምሄደው። ግራ እግሬ ስለማይነሳልኝ የጫማዬ ጫፍ ወለሉን እየጫረ ይከተለኛል። የግራ ጫማዬ ከቀኙ ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ ሕመሜ ለማውራት አይደለም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ማሽን ሲሞከር ከተሞከረባቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ። የት እንደሆነ አልናገርም። ሰዎቹ ቅን ልጆች ናቸው፣ ላሳጣቸውም አልፈልግም። ብቻ ጽሑፋችሁ «ተሞክሮ ውጤታማ ሆኗል» ብሎ ሲያልፍ ዝም ማለት አቃተኝ። ማን ላይ ተሞክሮ ነው? ምኑ ተለክቶ? ሰውየው ማሽኑን አውልቆ ቤቱ ሲገባስ እንዴት ሄደ?

ከመጀመሪያው ቀን ልነሳ። ልክ ሊወስዱልኝ ሜትር ይዘው መጡ። ደስ አለኝ፣ የማውቀው ዕቃ ነው። ከዳሌ እስከ ጉልበት ለኩ። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ለኩ። አለቀ። እኔ ለአንድ ተራ ሱሪ እንኳ ከዚያ የበዛ ልክ ነው የምወስደው። የጭኔን ውፍረት የጠየቀ የለም። ስትሮክ የመታው እግር ከጊዜ ብዛት እንደሚሰልል፣ ግራና ቀኜ እኩል እንዳልሆኑ ያየም የለም። ማሰሪያውን ግን እስኪጠብቅ ሳቡት።

«ለመሆኑ እስካሁን ስንት ሰው ላይ ሞከራችሁት?» አልኩት ኮምፒውተሩ ጋ ያለውን ልጅ።

«እኛ ሁላችንም ለብሰነዋል ጋሼ። አንዳችንም ችግር አልገጠመንም» አለኝ በኩራት።

ልጁ አልዋሸም። ጤነኛ ሰው ላይ መጀመራቸውም ልክ ነው። ሞተሩ ከመስመር ቢወጣ ብድግ ብሎ የሚያወልቀው ሰው ላይ መጀመር ግድ ነው። ግን ጤነኛ እግር ለማሽን ይታዘዝለታል። ማሽኑ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ የማይመች ነገር ሲኖር ሳያውቀው ዘወር ይልለታል። የእኔ እግር አይታዘዝም። ቀስ ብለው ሲያጥፉት ይታጠፋል። በድንገት ሲስቡት ጡንቻው ግትር ይላል፣ እንደ ብረት ይሆናል። ደግሞ ቀን ከቀን ይለያያል። ሲበርደኝና ሲደክመኝ ይብሳል። በእኛ ሙያ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ልኩ ያልሆነ ኮት አይቼ አላውቅም። አሻንጉሊት እጁን አያነሳም፣ አይቀመጥም፣ አያጎነብስም።

እውነቱን ለመናገር ግን የመጀመሪያው ቀን አስለቅሶኛል። በደስታ። ከላይ በቀበቶ አንጠልጥለውኝ፣ ትሬድሚሉ (ቦታ ሳይለቁ የሚሄዱበት ተንቀሳቃሽ ወለል) ከሥሬ ሲንቀሳቀስ፣ ሞተሩ ግራ ጉልበቴን አጥፎ አነሳልኝ። የጫማዬ ጫፍ ወለሉን አልነካም! ልጄ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ቀጥ ብለሃል» አለችኝ። ቀጥ ብዬ ሳያት ቁመቷ ከእኔ ማነሱን ረስቼው ኖሯል። እንግዲህ ይህን ማሽን ጠልቼ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ ካልሲዬን ስታወልቅ ከጉልበቴ በታች ቀይ መስመር አየች። ጣት የሚያህል፣ ውስጡ ላይ ቆዳው ትንሽ የተላጠ። እኔ አልተሰማኝም። የግራ ጎኔ ስሜት ደካማ ነው፣ ቢቆርጡኝም የማውቀው ዘግይቼ ነው። በማግስቱ ለፊዚዮቴራፒስቷ አሳየኋት። የዕለቱን ቅጽ አገላበጠች። ስለ ፍጥነት፣ ስለ እርምጃ ብዛት፣ ስለ ልብ ምት የሚሞላ ቦታ አለው። ስለ ቆዳ ግን ምንም የለም። መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» የሚለው ላይ በጠባቡ ጻፈችው። ልጆቹ ደግሞ «ላላ ብሎ ስለሚንሸራተት ነው» ብለው ማሰሪያውን ይበልጥ አጠበቁት። ባሰ።

ይኼኔ ነው ጠመኔዬን ይዤ የሄድኩት። የልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ ጠፍጣፋዋን። ማሽኑን ካለበሱኝ በኋላ ከማሰሪያው በላይና በታች ቆዳዬ ላይ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ልጁ ሳቀብኝ። «አሁን አስኪደው» አልኩት። አሥር ደቂቃ ሄድኩ። ቆምን። ማሰሪያው የታችኛውን መስመር ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። በላይኛው መስመርና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይገባል። ደግሞ ጠመኔው ወደ ታች ብቻ አይደለም የተፋቀው። ወደፊትና ወደኋላም ታሽቷል። ልጁ መሳቁን ተወ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን በእጁ ይዞ አንዴ አጠፈው፣ አንዴ ዘረጋው። ብዙ ጊዜ እንዲያ ሲያደርግ ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሽኑ ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚዞረው። የሰው ጉልበት እንደዚያ አይደለም። ሲታጠፍ የጭኑ አጥንት በታችኛው አጥንት ላይ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታልም። ስለዚህ የሚዞርበት ነጥብ ራሱ ቦታ ይቀይራል። የማሽኑ ማዞሪያ ከእኔ ጉልበት ጋር በአንዷ ቅጽበት ቢገጥም በሌላዋ አይገጥምም። ልዩነቱ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ የሚወጣው ደግሞ በቆዳ ላይ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ። በአንድ ቀን ብዙ መቶ እርምጃ ነው የሚያስኬዱን። ብብቱ ልኩን ያጣ ኮት እጅ በተነሳ ቁጥር ሙሉ ኮቱን ይዞ እንደሚነሳ ማለት ነው። ማጥበቅ አያድነውም። መፍትሔው ብብቱን ፈትቶ መስፋት ነው። እነሱም በመጨረሻ የማዞሪያውን ቦታ ወደ ላይ አነሱት፣ ማሰሪያውም ሥር ለስላሳ ነገር ጨመሩ። ቀዩ መስመር ቀነሰ። አልጠፋም፣ ግን ቀነሰ።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሪዎክ የተባለው የሚለበስ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ሲፈቀድ ሊደርሱ ይችላሉ ተብለው ከተዘረዘሩት ችግሮች አንዱ የቆዳ መቁሰልና መላላጥ ነው። መውደቅም አለበት። ያኔ የተጠየቁት መንገድ ላይ ማስኬድ ብቻ አልነበረም። የተለያየ ወለል ላይ፣ ትንሽ አቀበት ላይ፣ ሰው በሚገፋፋበት ቦታ ጭምር ሞክረውታል። ከተፈቀደ በኋላም ጉዳት ሲደርስ እንዲመዘግቡ ታዘዋል። መሥሪያ ቤቱ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። የማሽኑ ፈጣሪ አሚት ጎፈር ራሱ በ1997 በደረሰበት አደጋ ሽባ የሆነ ሰው ነው። እጁም ስለተጎዳ ግን ያንኑ የሠራውን ማሽን ሊለብሰው አልቻለም፤ ማሽኑ ክራንች መያዝ የሚችል እጅ ይፈልጋል። የማን ልክ እንደሆነ ለይቶ መናገር ማለት ይህ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ነገር አገኘሁ። ብሰንፍም ማሽኑ ይሄዳል! አንድ ቀን የአንድ ደንበኛዬን እጅጌ እንዴት እንደማስተካክለው እያሰብኩ ነበር። ትከሻው ላይ ተሰብስቦ አስቸግሮኛል። እጅጌውን በሐሳቤ ፈትቼ፣ ቆርጬ፣ መልሼ ገጠምኩት። እግሬ ይህን ሁሉ ጊዜ ይራመዳል። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን አረንጓዴ ነው፣ ጎበዝ ይለኛል። ከኋላዬ ግን የፊዚዮቴራፒስቷ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ? ብቻውን እኮ ነው የሚሄደው እግርዎ።»

እንዴት አወቅሽ ብላት እጇን ከጭኔ ላይ ሳታነሳ «ጡንቻው ለስልሷል» አለችኝ። ስክሪኑ ያላየውን እጇ አወቀ። እዚህ ላይ ነው የሙከራው ትልቁ ጉድጓድ የታየኝ። በዚያ ቀን ፋይሌ ላይ የተጻፈው ጥሩ ውጤት ነው። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ የእርምጃው ብዛት ጨምሯል። የማን ፍጥነት ነው ግን? ትሬድሚሉን የሚያፈጥነው ልጁ ነው፣ ጉልበቴን የሚያነሳው ሞተሩ ነው። እኔ እጅጌ እየሰፋሁ ነበር። ታካሚው ሲሰንፍ እገዛውን የሚቀንሱ ማሽኖች እንዳሉ በኋላ ሰማሁ፤ እኛ የሞከርነው እንደዚያ አልነበረም። ጡንቻ መሥራት አለመሥራቱን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር መለካት ይቻላል። እሱንም አንድ ቀን ብቻ ነው የለጠፉልኝ፣ ያውም ሰው ሊጎበኝ የመጣ ቀን።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ሆኮማ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ያወጣው ሎኮማት የሚባል ማሽን አለ። ትሬድሚል ላይ ሰውን በቀበቶ አንጠልጥሎ ዳሌና ጉልበቱን በሞተር የሚያንቀሳቅስ ነው። እኛ ከሞከርነው ጋር ይቀራረባል። አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ላይ ሁለት የታወቁ ሙከራዎች ተደርገውበታል። የ2008ቱ በ48 ሰዎች ላይ፣ የ2009ኙ በ63 ሰዎች ላይ ነው። ግማሹን በማሽኑ፣ ግማሹን በፊዚዮቴራፒስት እጅ አሠለጠኑ። ከዚያ ሁሉንም ያለ ማሽን አስሄዱና ፍጥነታቸውን ለኩ። በሁለቱም በእጅ የሠለጠኑት በለጡ። ያን ሁሉ ብረት የሰው እጅ በለጠው! ለፊዚዮቴራፒስቷ ስነግራት ታውቀው ኖሯል። ፈገግ ብቻ አለች።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ማሽኑን መጋዘን አስገቡት እላችሁ ነበር። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው ድርጅት ተመራማሪዎች 62 ሙከራዎችን፣ 2,440 ሰዎችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። ማሽኑ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲደመር ከስትሮክ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ የመራመድ ዕድልን ይጨምራል አሉ። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ላልሞላቸውና ጭራሽ መራመድ ለማይችሉት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ላይ የነበሩት ደግሞ ቀድሞም ትንሽ ትንሽ የሚራመዱ ነበሩ። ያው ማሽን፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ መልስ።

አሁን እኛን ቁጠሩን። እኔ ያኔ ስትሮኩ ከመታኝ ሁለት ዓመት ያህል ያለፈኝ፣ በከዘራም ቢሆን በራሴ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ከእኔ ጋር የነበሩትም እንደዚያው። አንዱ ደረጃውን ወጥቶ ነበር የሚመጣው። ለምን እኛ ተመረጥን? ስለምንገኝ ነው። በቀጠሮ ሰዓት እንመጣለን፣ ቅጹን አንብበን እንፈርማለን፣ ሁለት ሰው ሳይሸከመን ማሽኑ ላይ እንወጣለን። አዲስ ታማሚ ከባድ ነው። ይደክመዋል፣ ደም ግፊቱ ይዋዥቃል፣ አንዳንዱ መናገር ስለማይችል ፈቃዱን መጠየቅ ራሱ ጣጣ ነው። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት በራሱ ጊዜ ብዙ ይመልሳል። ስለዚህ ማሽኑ ነው ወይስ ተፈጥሮ ብሎ ለመለየት ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ውጤቱን የሚለካውም ሰው ማን በየትኛው እንደሠለጠነ ማወቅ የለበትም። ይህ ሁሉ ጊዜና ሰው ይፈልጋል። ይገባኛል። ግን የቀጭን ሰው ልብስ በወፍራም ሰው ላይ ሞክሮ «ልክ አይደለም» ማለትም «ልክ ነው» ማለትም ያው አንድ ነው። በእኛ ላይ ማሽኑ ባይሠራ ለእነዚያ ሊሠራ ይችላል። በእኛ ላይ ቢሠራም ለእነዚያ ደኅና ስለመሆኑ ምንም አይናገርም።

ስለ ማቆሚያው ቁልፍ ሳልናገር አላልፍም። ቀዩ ትልቁ ቁልፍ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ልጁ አንድ ቀን ሻርጀር ሊያመጣ ወጣ። ቁልፉ ከእኔ አራት እርምጃ ይርቃል፣ አራት እርምጃ ደግሞ ለእኔ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲመለስ «በቀኝ እጄ ስጠኝ» አልኩት። በማግስቱ በገመድ አድርጎ ሰጠኝ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ቁልፉን ስጫን ጉልበቱ ምን ይሆናል? ይቆለፋል ወይስ ይላላል? እግሬ መሬት ላይ ሆኖ ክብደቴን በተሸከመበት ሰዓት ቢላላ እወድቃለሁ። አየር ላይ እያለ ቢቆለፍ ደግሞ ትሬድሚሉ ይዞት ይሄዳል። ልጆቹ ተያዩ። ቆመን ሞክረውታል፣ እየሄድን ግን አልሞከሩትም። በዚያ ሳምንት በጨርቅ የታሸገ ሰው ሠራሽ እግር አምጥተው መሀል እርምጃ ላይ መብራቱን እያጠፉ ሲሞክሩ ዋሉ። ለማገገሚያ ሮቦቶች ብቻ የወጣ ዓለም አቀፍ የደኅንነት መስፈርት አለ። ቁጥሩ 80601-2-78 ነው፣ በ2019 የወጣ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ልብስ ሰፊ እስኪያነሳው መጠበቅ አልነበረባቸውም።

በመጨረሻው ቀን ማሽኑን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ አሥር ሜትር አስኬዱኝ። ጥሩ አድርገዋል፣ ትክክለኛው መለኪያ ያ ነው። ልጁ በሰዓት ያዘልኝ። «ስንት ሆነ?» አልኩት። «ውጤቱ ተጠቃሎ ይነገርዎታል» አለኝ። እስካሁን አልተነገረኝም። ከወራት በኋላ ተመልሰው ይለኩናል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጠሩንም።

እኔ ግን የደንበኞችን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ከመጀመሬ በፊት ቤታችን መተላለፊያ ላይ አሥር ሜትር በሜትሬ ለክቼ፣ ሁለቱንም ጫፍ በጠመኔ አስምሬ፣ ልጄ በስልኳ ሰዓት ይዛልኝ ነበር። 21 ሰከንድ። በስድስት ሳምንቱ መጨረሻ 17። ደስ አለን። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው መስመር ላይ 19። ይህ የአንድ ሰው ነገር ነው፣ ምንም አያረጋግጥም። በዚያ መሀል ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝን እንቅስቃሴም በየቀኑ እሠራ ነበር፣ የቱ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ማሽን ሳይለብስ ያንኑ እንቅስቃሴ ብቻ የሠራ አንድ ጓደኛ ኖሮኝ ቢሆን አመሳስል ነበር።

እናንተም ስለነዚህ ማሽኖች ደግማችሁ ስትጽፉ ሰዎቹን ይህን ጠይቁልኝ፤ ከወለቀ በኋላ ስንት ሰከንድ? ከሦስት ወር በኋላስ? ልጆቹ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ። የጠመኔው መስመርም መተላለፊያው ላይ አልጠፋም፣ ልጄ ወለሉን ስትጠርግ ዘላው ታልፋለች።

ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)